አውሮፕላንን በሽቦ የዘወረው ሰው፤ የጂም ዎከር ታሪክ

አንድ ሰው ሜዳ መሃል ቆሟል። በቀኝ እጁ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ያበርራል። በግራ እጁ ሌላ። ሦስተኛዋ ደግሞ ጭንቅላቱ ላይ ከታሰረ ነገር ጋር ተያይዛ ትበርራለች፤ እሷን የሚመራት ራሱን እያነቃነቀ ነው። ሦስቱም ሞተር አላቸው፤ ሦስቱም እሱን እየዞሩ ይጮሃሉ። ዙሪያውን የከበበው ሕዝብ አፉን ከፍቶ ያያል።

ሰውየው ጂም ዎከር ይባላል። አሜሪካዊ ነው፤ የኦሪገን ግዛት፣ የፖርትላንድ ከተማ ሰው። ዛሬ ከሞዴል አውሮፕላን ወዳጆች ውጪ ስሙን የሚያውቅ ብዙ የለም። በዘመኑ ግን በዚህ ሙያ ከእሱ በላይ የታወቀ ሰው ማግኘት ይከብድ ነበር።

ታሪኩን ያነሳነው ግን ለትርዒቱ ብቻ አይደለም። ይህ ሰው ለዓመታት የኔ ነው ብሎ ፓተንት ያወጣበትን ፈጠራ፣ ራሱ በከፈተው ክስ ፍርድ ቤት ውስጥ አጥቷል። ያሸነፈው ደግሞ እዛው ሰፈሩ አጠገብ፣ ከእሱ በፊት በተሠራ ሥራ ነው። እንዴት ሆነ? ከመጀመሪያው እንነሳ። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሞተር ተገኘ፣ መሪ ግን የለም

ሞዴል አውሮፕላን ስንል ዕቃ ቤት የሚቀመጥ ጌጥ ማለታችን አይደለም። ባልሳ ከሚባል በጣም ቀላል እንጨት የሚሠራ፣ እውነት የሚበርር ትንሽ አውሮፕላን ነው። በመጀመሪያ እነዚህ አውሮፕላኖች የሚበርሩት በተጠመዘዘ ላስቲክ ጉልበት ነበር። በ1930ዎቹ መጀመሪያ ግን ቢል ብራውን የተባለ የፊላዴልፊያ ወጣት በእጅ መዳፍ ላይ የሚቀመጥ፣ 10 ሲሲ የሚሆን የቤንዚን ሞተር ሠራና ለገበያ አወጣ። ብራውን ጁኒየር ይባላል። ዋጋው 21 ዶላር ከ50 ሳንቲም ነበር። ይህ በዚያ የኢኮኖሚ ውድቀት ዘመን ቀላል ገንዘብ አይደለም።

እንግዲህ አስቡት። አንድ ልጅ ገንዘብ አጠራቅሞ ሞተሩን ይገዛል። ወራት ፈጅቶ አውሮፕላኑን ይሠራል። ሞተሩን ያስነሳና ይለቃል። ከዚያ በኋላ ምንም ማድረግ አይችልም! አውሮፕላኑ ነፋስ ወደወሰደው ይሄዳል። ዕድለኛ ከሆነ ሮጦ ያገኘዋል። ካልሆነ ዛፍ ላይ ተሰቅሎ፣ ወንዝ ውስጥ ገብቶ፣ ወይም የሰው ቤት ጣሪያ ላይ ወድቆ ይቀራል። ያ ሁሉ ገንዘብና ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ ይጠፋል። በዚያ ላይ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፤ የከተማ ልጅ ደግሞ ሰፊ ሜዳ ከየት ያመጣል?

በሬዲዮ መምራት የሚባለው ነገር ያኔ ገና ጥቂት ሰዎች የሚሞክሩት፣ ውድና ከባድ ሥራ ነበር። ለአንድ ተራ ልጅ የሚታሰብ አልነበረም።

ሁለት ሽቦና አንድ ሦስት ማዕዘን

ዎከር በ1920ዎቹ መጨረሻ አካባቢ ነው ፖርትላንድ ውስጥ የሞዴል አውሮፕላን ሥራ የጀመረው። ድርጅቱ አሜሪካን ጁኒየር ይባላል። ከባልሳ የተሠሩ ርካሽ ተወርዋሪ አውሮፕላኖችን እያመረተ ለልጆች ይሸጥ ነበር። ሰውየው ነጋዴም ነው፣ ፈልሳፊም ነው፣ ትርዒት አሳዪም ነው። ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ደግሞ አደገኛ ነው፤ በጥሩ ጎኑ ማለቴ ነው።

በ1940 አካባቢ ፋየርቦል የምትባል አውሮፕላን ይዞ ብቅ አለ። የፋየርቦል ምስጢር እንዲህ ነው። አብራሪው መሃል ይቆማል። በእጁ አንድ እጀታ ይዟል። ከእጀታው ላይና ታች ሁለት ቀጫጭን የብረት ሽቦዎች ተነስተው በግራ ክንፏ በኩል ወደ አውሮፕላኗ ሆድ ይገባሉ። እዚያ በአንድ ብሎን ላይ የሚዞር ትንሽ ሦስት ማዕዘን ብረት አለ። ሁለቱ ሽቦዎች በሁለቱ ጫፎቹ ይታሰራሉ፤ ከሦስተኛው ጫፍ ደግሞ አንድ ዘንግ ተነስቶ ጭራዋ ላይ ያለውን ተንቀሳቃሽ ክፍል ይይዛል።

አብራሪው እጁን ወደ ላይ ሲያዘነብል አንዱ ሽቦ ይሳባል፣ ሦስት ማዕዘኑ ይዞራል፣ ጭራው ቀና ይላል፣ አውሮፕላኗ ትወጣለች። ወደ ታች ሲያዘነብል ትወርዳለች። በቃ! ልጅ ሆናችሁ የሽቦ መኪና በረጅም ዘንግ የነዳችሁ ሰዎች ነገሩ ወዲያው ይገባችኋል። ልዩነቱ ይህችኛዋ ትበርራለች፣ ሞተርም አላት።

አውሮፕላኗ ካስማ ላይ እንደታሰረ ጥጃ አብራሪዋን እየዞረች ነው የምትበርረው። ስለዚህ አትጠፋም። ሰፊ እርሻ አትፈልግም፤ የትምህርት ቤት ሜዳ ይበቃታል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጁ ተመልካች ሳይሆን አብራሪ ሆነ። እጁ ላይ የሞተሩን ጉልበት፣ የነፋሱን ግፊት ይሰማዋል።

ዎከር ይህንን ዘዴ ዩ-ኮንትሮል ብሎ ሰየመው። ኮንትሮሉ ያንተ ነው እንደማለት ነው። በታኅሣሥ 1940 የፓተንት ማመልከቻ አስገባ፣ በ1942 ተፈቀደለት። በሕጉ መሠረት ዘዴው የእሱ ሆነ ማለት ነው።

ሞተሩ ያመጣው ጣጣ

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል፤ ምክንያቱም የዚህ ጨዋታ ግማሹ ሥራ ሞተሩ ላይ ነው።

ቀጥ ብሎ ለሚበርር አውሮፕላን የተሠራ ሞተር ክብ ላይ ሲገባ ጠባዩ ይለወጣል። ሒሳቡን እንሥራው። ሽቦው 18 ሜትር ቢሆን፣ አውሮፕላኗም በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ብትበርር፣ አንዱን ዙር በ5 ሰከንድ ገደማ ትጨርሳለች። በዚህ ፍጥነት ወደ ውጪ የሚገፋት ኃይል ከራሷ ክብደት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ሽቦው የሚወጠረው በዚሁ ነው። ግን ይኸው ኃይል ነዳጁንም ይገፋዋል። ታንኩ ውስጥ ያለው ነዳጅ ወደ ታች መቀመጡን ትቶ ወደ ውጪኛው ግድግዳ ይለጠፋል። የነዳጅ መሳቢያው ቱቦ ታች ከሆነ ሞተሩ አየር ይስብና ድርግም ይላል።

ስለዚህ ሞተሩን ለሽቦ በረራ የሚያዘጋጅ ሰው መጀመሪያ የሚነካው ታንኩን ነው። የመሳቢያው ቱቦ ጫፍ በውጪኛው ግድግዳ፣ በኋለኛው ማዕዘን ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ታንኩ ራሱ ወደዚያ ጥግ የሚሾል ቅርጽ ይሰጠዋል፤ የመጨረሻዋ ጠብታ እንኳ እንዳትቀር። የታንኩ ከፍታ ደግሞ ከነዳጅ መርፌው ጋር ይስተካከላል፤ አለዚያ አውሮፕላኗ ቀጥ ብላ ስትበርር ደህና የነበረው ሞተር ተገልብጣ ስትበርር ይታመማል።

ሌላው ጣጣ ክብደት ነበር። የዘመኑ ሞተሮች እንደ መኪና ሞተር ካንዴላ፣ ፑንቲና፣ ቦቢና፣ ኮንደንሰርና ባትሪ ነበራቸው። ትንሿ አውሮፕላን ይህንን ሁሉ ተሸክማ ነው የምትነሳው። ከነዚህ አንዱ ሽቦ ቢላቀቅ ሞተሩ አይነሳም። ሞተር አስነስቶ ከማብረር ይልቅ ለምን አልነሳም እያሉ መፈተሽ ይበዛ ነበር ማለት ይቻላል።

ጦርነቱ

የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ አሜሪካ ውስጥ የግለሰቦች የሬዲዮ ስርጭት ታገደ። በሬዲዮ አውሮፕላን ለመምራት ይሞክሩ የነበሩትም አብረው ቆሙ። ሽቦ ግን ማንም አላገደም።

ዎከርም በጦርነቱ ጊዜ እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ክንፏ ወደ ኋላ የሚታጠፍ ተወርዋሪ አውሮፕላን ነበረችው። በላስቲክ ወንጭፍ ወደ ሰማይ ስትተኮስ ክንፏን እንደሰበሰበች ትወጣለች፤ ጫፍ ላይ ፍጥነቷ ሲቀንስ ክንፏ ይዘረጋና እየተንሳፈፈች ትወርዳለች። ይህችን መጫወቻ የአሜሪካ ጦር ለተኳሾች ማሠልጠኛ በብዛት ተጠቀመባት። የሚንቀሳቀስ ዒላማ፣ ያውም በጣም ርካሽ! የልጆች ዕቃ የወታደር ዕቃ ሆነ።

በየሄደበት ደግሞ ትርዒቱን ያሳያል። ሦስቱን አውሮፕላን በአንድ ጊዜ የማብረሩ ነገር በዚህ ዘመን ነው ስሙን የተከለው። ከጦርነቱ በኋላ በሬዲዮ የሚታዘዝ የሣር ማጨጃ ሠርቶ በረንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ግቢውን አጭዷል። ዛሬ በየሱቁ የሚሸጠውን ራሱን ችሎ የሚያጭድ ማሽን ስታዩ ይህንን ሰው አስታውሱ።

ካንዴላውን ፍታ፣ ቦቢናውን ጣል

በ1947 መጨረሻ ሬይ አርደን የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ፈልሳፊ የሞዴል አውሮፕላን ሞተርን ዓለም የገለበጠች ትንሽ ዕቃ ለገበያ አወጣ። በካንዴላው ቦታ የምትገባ ናት፤ ግን ብልጭታ አትሰጥም። ውስጧ የፕላቲነም ቀጭን ሽቦ ተጠምጥሟል። ለማስነሳት ብቻ ከውጪ አንድ ተኩል ቮልት ባትሪ ይነካታል፤ ሽቦዋ ይቀላል፣ ሞተሩ ይነሳል። ከዚያ ባትሪው ይነሳል። ነዳጁ ሜታኖል ስለሆነና ሜታኖል ፕላቲነምን ሲነካ ሙቀት ስለሚፈጥር፣ ከቃጠሎው ግለት ጋር ተደምሮ ሽቦው እንደቀላ ይቆያል። ሞተሩ ራሱን እያቀጣጠለ ይሄዳል።

ያኔ በየጓዳው ያለ ሰው ሞተሩን መቀየር ጀመረ። ካንዴላው ይፈታል፣ አዲሷ ትገባለች። ፑንቲና፣ ቦቢና፣ ኮንደንሰር፣ ባትሪ ሁሉም ወደ ሳጥን! አውሮፕላኗ በአንድ ቀን ቀለለች።

ግን ነገሩ ያን ያህል ቀላል አልነበረም። ሜታኖል ከቤንዚን እጥፍ በላይ ይፈጃል፤ ስለዚህ የነዳጅ መርፌው ይበልጥ መከፈት፣ ታንኩም ማደግ አለበት። በድሮው ሞተር ብልጭታው የሚመጣበትን ሰዓት በእጅ ማስቀደምና ማዘግየት ይቻል ነበር። በአዲሱ ግን ያ የለም፤ የቃጠሎውን ሰዓት የሚወስኑት የሞተሩ እመቃ፣ የነዳጁ ዓይነትና የሽቦዋ ግለት ናቸው። አንዳንዱ የድሮ ሞተር እመቃው ስለሚያንስ የቴስታታውን ጋስኬት በቀጭን መተካት ያስፈልጋል። ሜታኖል ደግሞ የድሮውን የአውሮፕላን ቀለም እያሟሟ ያበላሸው ስለነበር ቀለሙም መቀየር ነበረበት። ለማለስለሻ የሚጨመረው ዘይት ምን መሰላችሁ? የጉሎ ዘይት። አዎ፣ እኛ አገር በየአጥሩ ጥግ የሚበቅለው ጉሎ። ከሜታኖል ጋር ይዋሃዳል፣ በኃይለኛ ሙቀትም ሞተሩን አይከዳም።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ ጆሮን የሚጠይቅ ሙያ ነው። የነዳጅ መርፌው በጣም ሲዘጋ ነዳጁ ይሳሳል፤ ሞተሩ በቀጭን ድምፅ ይጮሃል፣ ይግላል፣ ያልቃል። ሲከፈት ደግሞ ነዳጁ ይበዛና ሞተሩ አንዱን ዙር እየዘለለ ይቃጠላል፤ ድምፁ ወፈር፣ ሸካራ ይላል። የአክሮባት በረራ ሰዎች የሚፈልጉት የሁለቱን ድንበር ነው። ቀጥ ብላ ስትበርር ሞተሩ በወፍራሙ ድምፅ ረጋ ብሎ ይሄዳል። አፍንጫዋን ወደ ሰማይ ስታነሳ ነዳጁ ትንሽ ይሳሳና ሞተሩ ወደ ቀጭኑ ድምፅ ይሻገራል፣ ጉልበት ያወጣል። ስትመለስ መልሶ ይረጋል። ማንም ሳይነካው ራሱ ጋዝ ይሰጣል፣ ራሱ ይለቃል ማለት ነው። ይህንን የሚያመጣው መርፌዋን በጥፍር ስፋት ማዞር ብቻ ነው።

በዚሁ ሰሞን የወጣው ዱክ ፎክስ የሠራው፣ 5.8 ሲሲ ገደማ የሆነው ፎክስ 35 በዚህ ጠባዩ ነው ታዋቂ የሆነውና ለአሥርት ዓመታት ሲመረት የኖረው።

ክሱ

ሞተሩ ቀለለ፣ ዘዴው ተወደደ፣ ገበያው ተስፋፋ። ገበያ ሲሰፋ ደግሞ ተፎካካሪ ይመጣል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሊሮይ ኮክስ የሚባል የመጫወቻ አምራች ነበር። 0.8 ሲሲ ብቻ የሆነች፣ አውራ ጣት የምታክል ሞተር ሠራ። ቀጥሎም ከሳጥን ወጥታ ወዲያው የምትበርር፣ በሽቦ የምትመራ አውሮፕላን ገበያ ላይ አዋለ። ልጁ ባልሳ መቁረጥ፣ ማጣበቅ፣ መቀባት ቀረለት።

ዎከር ፓተንቴን ነካብኝ ብሎ ከሰሰው። በወረቀቱ ካየነው መብቱ ነው። ዘዴውን ያስመዘገበው እሱ ነው፣ ዓለም ያወቀውም በእሱ ነው።

ግን በፓተንት ሕግ አንድ መሠረታዊ ነገር አለ። ፓተንት የሚሰጠው ለአዲስ ነገር ነው። ከአንተ በፊት ሌላ ሰው ሠርቶት ከተገኘ ወረቀቱ ዋጋ የለውም። በ1955ቱ ክርክር የተነሳውም ይኸው ነው። ኦባ ሴንት ክሌር የሚባል ሰው ተገኘ። ይህ ሰው በሰኔ 1937፣ ከዎከር ማመልከቻ ሦስት ዓመት በፊት፣ አውሮፕላን በሽቦ እየመራ አብርሯል። የት? ግሬሻም። ግሬሻም የት ነው? ኦሪገን፣ ከፖርትላንድ ቀጥላ ያለች ከተማ! ከዎከር ደጃፍ ማለት ይቻላል።

የሴንት ክሌር ዕቃ ከዎከር ጋር አንድ አይደለም። የድሮ የቴሌቪዥን አንቴና የመሰለ ትልቅ ነገር ላይ ብዙ ሽቦዎች ታስረው ነው አውሮፕላኑን የሚመሩት። ለልጅ የሚሸጥ አይደለም። ነገር ግን ሐሳቡ፣ ማለትም መሬት ላይ የቆመ ሰው በሽቦ አውሮፕላን መምራቱ፣ ቀድሞ ነበር። ፍርድ ቤቱ ይህንን ይዞ የዎከርን ፓተንት ሻረው። ዎከር ተረታ።

ልብ በሉ፤ እንዲህ ዓይነት ፍርድ ሰውየው ሰረቀ ማለት አይደለም። ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ አንድ ነገር ማሰባቸው በፈጠራ ታሪክ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ሕጉ የሚጠይቀው ማን ቀደመ የሚለውን ብቻ ነው።

ዎከር ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በ1958 አረፈ።

የማን ነው?

ከዚህ በኋላ የሆነውን ስታዩ ነገሩ ይገርማል። ኮክስ የዓለም ትልቁ የሞዴል ሞተር አምራች እስከመባል ደረሰ፤ ትንንሾቹ ሞተሮቹ የአንድ ትውልድ ልጆች የመጀመሪያ ሞተር ሆኑ። በሽቦ የሚደረግ በረራ የዓለም ሻምፒዮና ያለው ስፖርት ሆነ፦ ፍጥነት፣ አክሮባት፣ የቡድን እሽቅድምድም፣ እና ሁለት አውሮፕላኖች አንዱ የሌላውን የወረቀት ጭራ የሚቆርጥበት ፍልሚያ። በፍጥነቱ ውድድር 2.5 ሲሲ ሞተር ብቻ ይዘው በሰዓት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይበርራሉ።

ያ በየጓዳው የነበረው ሞተር የመቀየር ሥራም አልቆመም። ዛሬ ለሬዲዮ በረራ የተሠራ ሞተር ገዝተው ለሽቦ የሚያዘጋጁ አሉ። ካርቡራተሩን ያወጡና በቦታው መሃሉ ጠበብ ያለ ተራ የአየር ቱቦ ከነነዳጅ መርፌው ይተክላሉ። ቴስታታው ሥር ተጨማሪ ጋስኬት አስገብተው እመቃውን ያለሰልሱታል፤ ሞተሩ መጮሁን ትቶ እንደ ድሮው በወፍራሙ ድምፅ እንዲረጋ። ከሬይ አርደን ዘመን ጀምሮ የሚፈለገው ያው ድምፅ ነው።

ሴንት ክሌርስ? ታሪኩ ሲጻፍ ስሙ መጀመሪያ ላይ ይጠራል። ይገባዋልም። ፍርድ ቤት ባይመሰክርለት ኖሮ ምናልባት ማንም አያውቀውም ነበር።

ዎከር ግን ምን ቀረለት? አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ በሚደረገው ብሔራዊ ውድድር፣ በሽቦ አክሮባት ሻምፒዮን ለሚሆነው ሰው የሚሰጠው ዋንጫ እስከ ዛሬ በእሱ ስም ነው የሚጠራው። ፓተንቱን ዳኛ ወሰደበት፤ ዋንጫውን ግን አብራሪዎቹ ራሳቸው አልወሰዱበትም።

በኔ እይታ ሁለቱም ተገቢውን አግኝተዋል። ቀድሞ ያሰበው ቀዳሚነቱን አገኘ። ሁለት ሽቦ፣ አንድ ሦስት ማዕዘን ብረትና አንድ እጀታ ብቻ እስኪቀር ድረስ አቅልሎ የልጅ እጅ ላይ ያደረሰው ደግሞ ፍቅሩን አገኘ። ብሩ ግን ወደ ሦስተኛው ሰው ሄደ፤ የዓለም ነገር እንዲህ ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? አንድ ነገር የሚባለው የቀድሞ አሳቢው ነው ወይስ ለሰው ያደረሰው? በዎከር ቦታ ብትሆኑ ትከሱ ነበር?